ከአጎቴ በርጩማ ላይ የሚታየው

አጎቴ አናጺ ነበሩ። ቁም ሳጥን ሲታዘዙ ሜትር ከማውጣታቸው በፊት ደንበኛው ቤት ገብተው ቁጭ ይላሉ። ከዚያ በካርቶን ሠርተው ያሳያሉ፤ ካልተመቸ ቀደው እንደገና ይሠራሉ። «ሰው የተቀመጠበት ሳትቀመጪ የቸገረውን አታውቂም» ይሉኝ ነበር።

እኔ ነርስ ነኝ። ታካሚዎች ስማቸው ሲጠራ አይሰሙም እያልኩ ስቆጣ ኖሬ፣ አንድ ቀን የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ከዚያ ምንም አይሰማም! በማግስቱ ወንበሩን ወደ በሩ አስጠጋሁት። ቅዳሜ አጎቴን ልጠይቃቸው ስሄድ ልነግራቸው ነበር፤ ሐሙስ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ነፋስ ስልክ ያለው ወርክሾፓቸው ሄጄ በርጩማቸው ላይ ተቀመጥኩ። የመንገዱ አቧራ እየበላቸው ለምን በር ላይ እንደሚሠሩ ሁሌም ይገርመኝ ነበር። ከዚያ ፊት ለፊት የሚታየው እኔ ከታክሲ የምወርድበት ቦታ ነው።

ስንት ቅዳሜ ቀረሁብዎት፣ ጋሼ?