አንድ በሬ ለአራት አባት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የጻፍኩት የአንድ መጋዘን ጠባቂ ግለ ታሪክ ነው። ከጽሕፈት ትምህርት ቤት ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ አምቦ ገበያ አጠገብ በነበረው የጋሼ ሙዘይን ወረቀት መሸጫ ሱቅ ተቀጥሬ ነበር። አንድ የአማርኛ ታይፕ፣ አንድ ጠረጴዛና ባለጉዳይ ተራ የሚጠብቅበት ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበረን። በወረቀቶቹ መሀል ካርቦን አስገብቼ ታይፑ ላይ ጠቀለልኩና «የት ነው የተወለዱት?» አልኩት። ሰውየው ትንሽ አሰበና «የት ቢሆን ይሻላል?» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሹመት፣ ዝውውር ወይም የትምህርት ዕድል የሚፈልግ ሁሉ ግለ ታሪኩን አስጽፎ ለአውራጃው ኮሚቴ ያቀርባል። ኮሚቴው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የመደብ ጀርባን ነው። አባትህ ድሃ ገበሬ ከነበረ ጉዳይህ ይሄዳል፤ ትንሽ ነገር ከነበረው ጥያቄ ይበዛብሃል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ በአምቦና በዙሪያዋ አባቶች በጅምላ ደኸዩ። አንድ የጊንጪ መምህር፣ ባለ ወፍጮ መሆናቸውን እኔው የማውቃቸውን አባቱን፣ እህል አስፈጪ አድርጎ አስጻፈኝ።

ጋሼ ሙዘይን ከስልጤ አገር መጥተው አምቦ የከበሩ ነጋዴ ነበሩ። «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ውሸት ነው» ብላቸው ከሚያጥፉት ካርቶን ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ አንቺ ጣት ነሽ። አፉ የእሱ ነው» አሉኝ። አንድ ደንብ ብቻ ነበራቸው። የተጻፈው ለባለቤቱ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ አይፈረምም። ታሪኩ የእሱ ነውና በጆሮው ሰምቶ ይመን ነው ነገሩ። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀውም ሁሉ ባይሰማ ኖሮ።

ኦቦ ቶለሳ የጎጆ ከተማ ክሊኒክ ድሬሰር ነበሩ። ሚስታቸው ሳንባዋን ታማ አምቦ ዘመድ ቤት ተቀምጣ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። እሳቸው ደግሞ ጎጆ ላይ የሰው ሚስት ሲወጉ ይውላሉ። ክረምት ሲገባ የጎጆ መንገድ መኪና አያሳልፍም፤ በሕይወት ትኑር አትኑር እንኳን የሚሰሙት ዘግይቶ ነው። ወደ አምቦ ለመዛወር ነበር የመጡት።

ከእሳቸው በፊት እንደዚያ ያጻፈኝ ሰው አልነበረም። አንድም ነገር አልጨመሩም። አባታቸው አንድ በሬ ነበራቸው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ በሬ። ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ያርሱበት ነበር። ውርጭ ገብሱን በመታው ዓመት ለባለ ርስቱ ለቀኛዝማች ወልዴ የሚሰፍሩት እህል አጡ። ቀኛዝማች መጥተው በሬውን ነዱት። አባታቸው እስከ ወንዙ ተከተሉ። በሬው ከመሻገሩ በፊት ዞር ብሎ አያቸው።

ይህን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ወደ እኛ ተጠጋ። ኦቦ ቶለሳ ፈርመው ወጡ።

ተረኛው የጭልሞ ደን ሠራተኛ ነበር። ገና ሳይቀመጥ «ያንን በሬ ለእኔም አድርጊልኝ» አለ።

«የእርስዎም አባት በሬ ተወስዶባቸዋል?»

«አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ግን በሬ ቢኖረው ኖሮ መወሰዱ ይቀር ነበር?»

ጋሼ ሙዘይንን ዞሬ አየኋቸው። ጣታቸውን አሳዩኝ። ጻፍኩ። ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጠው ከሸነን የመጣ ጸሐፊ በሬውን ወሰደ፤ ከሸነኑ ሰው ደግሞ አንድ የአምቦ ሒሳብ ሠራተኛ። ሒሳብ ሠራተኛውን «በሬውን ጥቁር ላድርግልዎ?» ብለው «አይ፣ ቦራው ያሳዝናል» አለኝ።

የኦቦ ቶለሳ ማመልከቻ ፎቶግራፍ ጎድሎት ተመለሰ። ጎጆ ደርሶ እስኪመጣ ሦስቱ ቀደሙ። ኮሚቴው ፊት የኦቦ ቶለሳ በሬ አራተኛ ሆኖ ቀረበ።

አራቱም ተጠሩ። እኔም ከነታይፔ ተጠራሁ፤ የሚታረም ካለ እዚያው እንዲታረም። ሊቀ መንበሩ ከፖለቲካ ትምህርት በቅርቡ የተመለሰ ወጣት ነበር።

«ጓዶች፣ አራታችሁ አራት አባት አላችሁ። በሬው ግን አንድ ነው። የማነው?» አለ።

የጭልሞው ሰው ተነሣ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቦራ በሬ በአገሩ ሞልቷል።»

«አራቱም በሬዎች ወንዝ ዳር ዞረው አዩ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

የሸነኑ ጸሐፊ ቀበል አደረገና «በሬ ከቤቱ ሲወጣ ዞሮ ማየት ልማዱ ነው» አለ። የኮሚቴው ጸሐፊ ይህን በቃለ ጉባኤ መዘገበ።

ኦቦ ቶለሳ ተነሥተው «በሬው የአባቴ ነው። ማሎ፣ እባካችሁ፣ ሚስቴ ታማብኛለች፤ ጉዳዬን በዚህ አታዘግዩብኝ» አሉ።

«መጨረሻ ያቀረብከው አንተ ነህ፣ ጓድ ቶለሳ። ምስክር አምጣ።»

«አባቴ ሞተዋል። ጎረቤታቸውም ሞተዋል። የቀሩት የወሰዱት ሰውዬ ብቻ ናቸው።»

«እሱንም ቢሆን» አለ ሊቀ መንበሩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቀኛዝማች ወልዴ ድንች በጫነ መኪና ከጎጆ መጡ። መሬታቸው ከተወረሰ ወዲህ እንደማንኛውም ሰው የገበሬ ማኅበር አባል ናቸው። ካፖርታቸው የድሮ ነው፤ ክርናቸው ላይ ተጥፏል። ሊቀ መንበሩ የአራት ድሃ ገበሬ በሬ ወስደህ እንደሆነ ተናገር አላቸው።

ሽማግሌው ቅር አላቸው። «አራት? ያን ያህልስ አልከፋሁም። ሸነንን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። የወሰድኩት አንድ ነው፤ የዚህን አባት። ቦራ ነበር። ዞሮ ሲያይም አይቻለሁ።»

ኦቦ ቶለሳ በቀስታ «ኤዬ፣ እውነት ነው» አሉ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ኮሚቴው ሲመክር ቆይቶ ውሳኔውን አነበበ። የፊውዳል ቃል በማስረጃነት አይያዝም። ስለዚህ የጓድ ቶለሳ በሬ ምስክር ስለሌለው ይሰረዝ። የቀሩት ሦስቱ ግን በሬ ነበረን ብለው ስለጸኑ አባቶቻቸው መካከለኛ ገበሬ ሆነው ይመዝገቡ፤ ጉዳያቸውም ይቆይ። ጓድ ቶለሳ በሬ እንኳን ያልነበረው የድሃ ገበሬ ልጅ መሆኑ ስለተረጋገጠ ዝውውሩ ዛሬውኑ ይፈቀድ።

ሦስቱ ሰዎች በአንድ አፍ በሬው የእኛ አይደለም ማለት ጀመሩ። መዝገቡ ተዘግቶ ነበር።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ አዲሱን ጻፍኩ፤ እንደ ደንቡም ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «አባቴ በሬ ያልነበራቸው፣ በዶማ ቆፍረው የሚያድሩ ነበሩ።»

«በዶማ?» አሉ ኦቦ ቶለሳ። «አባቴን ሲያርሱ አላየሻቸውም። ትልማቸው እንዴት ያምር ነበር።» እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ቆየ። ከዚያ ፈረሙ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ቀኛዝማች ደጅ ቆመው ነበር። «ምን አሉ?»

«እርስዎ አልወሰዱም አሉ» አሏቸው ኦቦ ቶለሳ። «አባቴም በሬ አልነበራቸውም።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ወስጃለሁ እኮ» አሉ። «እንዴት አልወሰድክም ይሉኛል? በእጄ ነድቼዋለሁ። አባትህ ከኋላዬ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ።» ልቅሶውን ለኦቦ ቶለሳ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ኦቦ ቶለሳ ተከትለውኝ ሱቅ መጡና የመጀመሪያውን ድገሚልኝ አሉኝ። «ለማን ይቅረብ ልበል?» አልኳቸው። «ለልጆቼ» አሉ። ቀኛዝማች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁ። አንብቤ ሳበቃ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው ከሥር ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግለ ታሪክ ሊያስጽፍ የመጣውን ሰው ሁሉ የት እንደተወለደ ከመጠየቄ በፊት ለመሥሪያ ቤት ነው ወይስ ለልጆች እለው ነበር። ለሁለቱም ነው የሚለኝ ካለ ሁለት ወረቀት አስገዛው ነበር።