አያቴ የለመኑት በር

ሱሉልታ ላይ ሽማግሌ ሳይመርቅ ስብሰባ አይከፈትም። የመሬት ጉዳይ ይሁን የጋብቻ፣ መጀመሪያ ምርቃት ነው፤ ነገሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን እኛ ሰፈር ሕፃንም ያውቀዋል። የጦር ሰፈሩ አዛዥ ሻምበሉ ግን ለአገሩ አዲስ ነበሩ።

ከሜዳው ማዶ ያለው ጦር ሰፈር ሊሰፋ ነው የተባለው ባለፈው ጥቅምት ነው። የቆርቆሮ ቤቶቹ ፈርሰው በድንጋይ ሊሠሩ፣ ሜዳው ተጨምሮበት ዙሪያው በሽቦ ሊታጠር ነው ተባለ። ሻምበሉ "የአገሩን ሰው ሳናማክር ችካል አንመታም" ብለው ራሳቸው መጡ። አያቴን ከክረምቱ ወዲህ እግራቸው ስለከዳቸው ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት እኛ ግቢ ነበር። ደስ አለኝ! ከጓዳ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

አያቴ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ መረቁ።

"የምትሠሩት ይጽና! ድንጋዩ አይናድ! የገባበት በሰላም ይውጣ!"

"አሜን!" አሉ ሁሉም።

ሻምበሉ ብድግ አሉ። "እግዜር ይስጥልኝ አባቶቼ፣ እንዲህ በአንድ ቃል ትስማማላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም!" አሉና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥተው ሄዱ።

የሚሄድን እንግዳ ከኋላው ማን ይጠራል? ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ጨረስን እንዴ፣ ኦቦ?" አለ አባቴ ጎረቤታችንን።

"እሳቸው ጨረሱ። እኛማ ገና ጉሮሯችንን እየጠረግን ነበር።"

ሁሉም ሳቁ፤ አያቴ ብቻ አልሳቁም። በዚያ ሜዳ መካከል ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። የሰፈራችን አስከሬን የሚሸኘው በእሱ ነው፤ ቄሶቹም ፍትሐት እያደረሱ የሚያርፉባቸው ቦታዎች አሉት። ሴት አያቴም በዚያው ነው የሄዱት። አያቴ ሲደክማቸው "እኔም በእሷ መንገድ" ይሉ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ችካሉ ተመታ። መንገዱንም ለሁለት ቆረጠው።

"ልሂድና አይሆንም ልበላቸው" አለ አባቴ።

"በአፌ መርቄ በአፌ ልከልክል? የወጣ ምርቃት አይመለስም።"

"ታዲያ ዝም እንበል?"

"አልከለክልም፤ በር እለምናለሁ። ውሰዱኝ።"

መራመድ ስለማይችሉ ጎረምሶቹ በቃሬዛ ተሸከሟቸው። ከሌሎቹ ጋር ተከትዬ ሄድኩ። ችካሉ አጠገብ ሻምበሉ ሠራተኞች ያሠሩ ነበር። ቃሬዛውን ሲያዩ ቆባቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

አያቴ ከጋቢያቸው ውስጥ ብቅ አሉ። "ገና ነኝ፣ ልጄ።"

ሻምበሉ ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሹ። ጎረምሶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ።

"ሲደርስ ግን የምሄደው በዚህ ነው። መሬቱን ውሰዱ፣ አጥሩንም እጠሩ። አንድ በር ብቻ ተዉልን።"

"አባቴ፣ በመኪናው መንገድ ቢዞሩስ? እሱ ደልዳላ ነው።"

"ባለቤቴ በዚህ አልፋለች። እኔ ዞሬ የት አገኛታለሁ?"

ሻምበሉ መንገዱን በዓይናቸው ተከተሉና "ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?" አሉ።

"አሜን ስንል ተነሣህ። እሱ እኮ መክፈቻው ነበር!"

ሻምበሉ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ፊታቸው ቀላ። አናጢውን ጠርተው መንገዱ ላይ ባለ ሁለት ተከፋች በር እንዲሠራ አዘዙ።

አያቴ በዐቢይ ጾም አረፉ። ያንኑ ቃሬዛ ተከትለን ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዘበኛው ጠመንጃውን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ቆሟል፤ ሻምበሉም ቆባቸውን ይዘው ከጎኑ ነበሩ። ቄሶቹ በሩ ላይ አሳርፈው ፍትሐት አደረሱ። እኛም "አሜን" አልን።

ሻምበሉ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ቀጥሎ የሚባለውን ይጠብቁ ነበር።