ገለፈቱ ወደ ምንጩ የወረደበት ክረምት

ከጅማ ስትመጡ፣ ሰርቦ ሳትደርሱ አንድ ክፉ ኩርባ አለ። ከኩርባው በታች፣ ጎድጓዳው ውስጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣው ምንጭ ይፈልቃል። እኔ የወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። በየስብሰባው ስለዚያ ኩርባ ስናገር አለቆቼ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ ይበተናሉ።

ባለፈው ክረምት የፈራሁት ደረሰ። ናፍጣ የጫነ ቦቴ ኩርባው ላይ ተገለበጠ። ሹፌሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በራሱ እግር ወጣ፤ ናፍጣው ግን መንገዱን ይዞ ይፈስ ጀመር። ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደመን ናፍጣው ሁሉ ታጥቦ ምንጩ ውስጥ መግባቱ ነው።

የደረሱልኝ ሐጂ ናቸው። ሐጂ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ምንጩን በድንጋይ ያስገነቡት እሳቸው፣ ለሰላት የሚታጠቡበትም እሳቸው። «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ናፍጣውን የሚመጥ ነገር ያስፈልገኛል ብላቸው ከመንገዱ በላይ ወዳለው የቡና መፈልፈያ ቤት ሰው ላኩ። እዚያ የጀንፈል ቡና ገለፈት፣ የደረቀው ቡና ቅርፊት፣ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ይውላል። በእኛ አገር የመፈልፈያ ቤት ገለፈት ባለቤት የለውም። የፈለገ ይወስደዋል፤ አንዱ ለማገዶ፣ አንዱ ለቡና ችግኙ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ መንገድ ላይ ያነጥፉታል።

የሰፈሩ ሰው በጆንያ እየተሸከመ አመጣና ናፍጣው ላይ ደፋው። ገለፈቱ መጠጠው። ዝናቡም አዘነልንና ወደ ደዶ ዞረ። እኔ በሥራዬ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

የቀረው፣ ናፍጣ የጠገበውን ክምር ማንሳት ብቻ ነበር። ቢሮ ደውዬ ገልባጭ መኪና እንዲልኩልኝ ለመንኩ። መኪናው አለ፣ ነዳጅ የለውም አሉኝ። ይህን የምሰማው ናፍጣ ውስጥ ቆሜ ነው። ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ፤ ንዴቴ አሸነፈ። ስጮህባቸው ነገ ይላካል ብለው ዘጉት። ክምሩ ላይ ሸራ አልብሼ፣ በአካባቢው ለነበሩት እንዳይነኩት ተናግሬ ወደ ጅማ ገባሁ። ሐጂ ያኔ መስጊድ ነበሩ።

ጠዋት ስመለስ ክምሩ የለም። ሸራዬን በሥርዓት አጣጥፈው ድንጋይ ጭነውበታል። መኪናው ማልዶ ወስዶታል ብዬ፣ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮዬን በልቤ አመሰገንኩት።

ምስጋናዬ ወደ ምንጩ የሚወርደውን ቀጭን መንገድ እስካይ ድረስ ነበር። ከላይ ጀምሮ እስከ ውሃው አፍ ገለፈቱ አንድም ቦታ ሳይዘለል ተነጥፏል። ሌሊቱን ዘንቦበታል። ምንጩ ላይ ቅባቱ እየተብለጨለጨ ይንሳፈፋል።

ሐጂ አካፋቸውን ይዘው ከመንገዱ ግርጌ ቆመዋል። ምን አደረጉ ሐጂ አልኳቸው።

«ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ባለፈው እዚህ ጭቃ ላይ ወደቀች። ገለፈት መንገድ ዳር አየን፣ ናፍጣውን ጠጥቶ ጨርሶታል፣ ሽታውም ጉንዳን ያባርራል አልን። ወላሂ፣ ለደግ ነው ያሰብነው፣ ኢንተላ ኮ።»

ናፍጣው እንዳይደርስበት ስንሟሟት ወደ ዋልንለት ምንጭ በገዛ እጃቸው፣ በጆንያ ተሸክመው አወረዱት። እሳቸውን መቆጣት አልቻልኩም። ነዳጅ የለም ያለኝን ሰው ግን ያን ሰዓት ባገኘው አንቀው ነበር። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ውሃውን በመዳፋቸው ጨለፉ፣ አሸተቱት፣ መልሰው አፈሰሱት።

«መቼ ነው የሚጠጣው?»

አላውቅም አልኳቸው። ባለሙያ ነኝ፣ ግን አላውቅም ነበር። መኪናው ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጭነቱ የታለ አለኝ። ወደ ታች አሳየሁት። መኪና እዚያ አይወርድም አለና ሞተሩን አጠፋ። ገለፈቱን እየፋቅን በጆንያ መልሰን አወጣነው፤ ውሃው ውስጥ የገባው ግን ገብቷል።

ምንጩ እስካሁን ይሸታል። የሰፈሩ ሴቶች የሚቀዱት ከመንገዱ ማዶ ካለ ቧንቧ ነው፤ ቦቴው የተገለበጠበትን ኩርባ እያቋረጡ። ባለፈው ሳምንት የሐጂን ምራት አየኋት። ልጇን አዝላ፣ ጄሪካኗን ይዛ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆማ ቦቴ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።