የሄር ክላውስ ሰንሰለትና የእኔ ጌተም

ከመንደራችን ከማንኪራ የወጣሁ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ታደለ ሻንጣዬን ተሸክሞ ቦንጋ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። «ጋሼ፣ ስለ ጌተምህ አታስብ፤ እኔ አለሁልህ» አለኝ። አባታችን ቀፎ እንድሰቅልበት ለእኔ ለይቶ የሰጠኝን ዛፍ ማለቱ ነው። በኛ ጫካ የአንዱን ዛፍ ሌላው አይነካም፤ አምኜው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

መንገዱን እንኳ ተዉት! በረሃውንም ባሕሩንም አልፌ ጀርመን ገባሁና ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት በነበረች ከተማ ቤት ተከራየሁ። ዝናቡ የቦንጋን ይመስላል፣ ጭቃው ግን የለም። ማሩማ ስኳር ነው፣ እመኑኝ። አከራዬ ሄር ክላውስ፣ አቶ ክላውስ እንደማለት፣ የከሰል ጉድጓድ ሲወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ማዕድኑ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ እሳቸው እንግዳ ያስጎበኛሉ፣ እኔ ወለሉን እወለውላለሁ።

አያታቸውም አባታቸውም እዚያው ቆፍረዋል። ከፖላንድም ከቱርክም ሰው እየመጣ ወርዷል። በኋላ ከሰሉ ከውጭ አገር ረክሶ ሲገባ ጉድጓዱ ተዘጋ። የቀረው የብረት ማማው፣ ከከሰሉ የተለየው ድንጋይ የተከመረበት ኮረብታ፣ ውሃ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ ሳያርፍ የሚስብ ፓምፕ፣ ደግሞም «ካወ» የሚሉት የልብስ መቀየሪያ አዳራሽ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ ልብሱን መንጠቆ ላይ አድርጎ በሰንሰለት ወደ ጣሪያ ይስብና ከታች ይቆልፋል። ሰንሰለቱ ሁሉ ቁጥር አለው።

አንድ ቀን ጃኬቴን ባዶ መንጠቆ ላይ ሰቀልኩ። ሄር ክላውስ እየሮጡ መጡ።

«አውርድ! የሃንስ ነው!»

«ሃንስ የት አሉ?»

«ሞቷል።»

«ታዲያ ሞተው ምን ያደርጉበታል?»

«የሱ ነው አልኩህ! ላንተ መጥረጊያው ጋ ምስማር አለልህ።»

ቅናት አንገበገበኝ፣ ምን እደብቃችኋለሁ! ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ ሰውየው አፈር ሆኖ፣ መንጠቆው ይጠበቅለታል። ግዴለም፣ እኔም ጌተም አለኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሥራ እንደወጣሁ ታደለ ጋ ደወልኩ።

«ጌተሜ እንዴት ነው?»

«ጋሼ፣ አትቆጣኝ። ባዶውን ከሚቆም ብዬ የራሴን ቀፎ ሰቀልኩበት።»

«አውርድ! የእኔ ነው!» ጮህኩ፣ ልክ እንደ ሄር ክላውስ።

«እንዴት ላውርደው? ንብ ገብቶበታል እኮ።»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

«ንቡ ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።