በሰው ምድር ልጁን የሚድር እንግዳ

ቡሬ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ናጂሃ የሰውየውን ስም አታውቅም። በየገበያው ቀን ይመጣል። የኮቱ ቁልፍ ወልቆ በመርፌ ቁልፍ ነው የተያዘው፤ ኮምፒውተሩን ግን እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ ይዞራል። ሻይ ያዝዝና ሳይቀምሰው ያቀዘቅዘዋል፤ እሷም «ለዝንቦቹ ነው የሚገዛው» እያለች ታማዋለች።

ዛሬ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጥቂት እንዳየ ራሱን ያዘ።

«ምነው ጋሼ፣ መርዶ ነው?»

«የለም እህቴ። እኔና ጓደኞቼ በነጻ የምናድለው ፕሮግራም አለ፤ ሰው በአንድ ትልቅ ኩባንያ ፕሮግራም የጻፈውን ይከፍታል። የአጻጻፉን ሕግ የሚያወጣው ግን ተፎካካሪያችን፣ ራሱ ኩባንያው ነው። ይኸው ሕጉን ቀየረና የእኛው ፕሮግራም ማንበብ አቅቶት ታወረ።»

ናጂሃ ሳቀች። «በሰው ምድር ልጇን ትድር ማለት እርስዎ ነዎታ!»

«ልጂቱ እኮ ወልዳለች» አለ እሱም እየሳቀ። «በእኛ ሥራ ላይ ስንቱ የራሱን ሠርቷል። ከእንግዲህ ማን ያስነሳናል?»

ወዲያው አጎንብሶ መጻፍ ጀመረ። የሚሳፈርበት መኪና ረዳት «ፍኖተ ሰላም፣ የመጨረሻ!» እያለ ቢጮህም ቀና አላለም። መኪናው ጥሎት ሄደ።

ናጂሃ አዘነችለት። «ቤት የሚጠብቅዎ የለም፣ ጋሼ?»

መጻፉን ሳያቋርጥ በአገጩ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ።

«የሚጠብቁኝስ ብዙ ናቸው» አላት፤ «አንዳቸውንም አላውቃቸውም እንጂ።»