የወይዘሮ አሰለፈች የጥልፍ ኮምፒውተር

ናይሮቢ መሃል ከተማ በምትገኝ የጥገና ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ባለቤቱ ጋሽ ሐጎስ ብሎን መፍቻና ብሩሽ አስጨበጡኝ። «በል ጥረግ፤ ኮምፒውተር ከቫይረስ ይልቅ የሚሞተው በአቧራ ነው» አሉኝ። ጋሽ ሐጎስ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የኖሩ ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ሲቆጡ ግን በትግርኛ ነው።

ቀስ በቀስ ሙያውን አስተማሩኝ። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ በኬብል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት፣ ሙሉውን መገልበጥ፣ ከዚያ በቅጂው ላይ መሥራት። ፎቶና ሰነድ ማንም ያወጣል። የሚያስቸግረው ሴቲንግ ነው። የቤት ዕቃ ማጓጓዝ ቀላል ነው፤ የቤቱን ልማድ ማጓጓዝ ነው ጭንቁ።

አንድ ሐሙስ ወይዘሮ አሰለፈች ከካሳራኒ ሰፈር አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፈው በማታቱ ታክሲ መጡ። ቤታቸው ውስጥ የሐበሻ ልብስ በማሽን ይጠልፋሉ። ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር አልነሣ ብሏል፤ የሙሽራ ካባ ግማሹ ተጠልፎ ቀርቷል።

«ሠርጉ እሑድ ዌስትላንድስ ነው» አሉ። «ዲዛይኑ በፍላሽ አለኝ። የክሩ ውጥረት፣ የመርፌው ፍጥነት ግን እዚያ ውስጥ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስንት ጊዜ ሞክሮ ያገኘው ሴቲንግ ነው።»

«ፖሌ ሳና፤ አያስቡ፣ እናወጣዋለን» አሉ ጋሽ ሐጎስ፣ በስዋሂሊ እያጽናኗቸው።

ዲስኩ ደህና ነበር። የሴቲንጉም ቅጂዎች በየቀናቸው ተደርድረው አገኘኋቸው። ማንም ባለሙያ እንደሚያደርገው የቅርቡን ቀን መርጬ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ። በማግስቱ ካሳራኒ ወስደን በቁራጭ ጨርቅ ሞከርነው። ክሩ ከሥር ተተበተበ፣ መስቀሉም ተጣመመ።

«ይሄ መስቀል ነው ሸረሪት?» ብለው ሳቁ ወይዘሮ አሰለፈች። ወዲያው ግን እንባቸው መጣ። «እሑድ ልጁ ምን ለብሶ ሊቆም ነው?» አንጀቴን በሉት።

«የቀሩት ቅጂዎችማ ከሰባት ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው» አልኳቸው ለጋሽ ሐጎስ።

መነጽራቸውን አድርገው የቅጂዎቹን ዝርዝር ተመለከቱ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የዚህ ማሽን ስም እኮ እነሱም ውስጥ አለ። ወይዘሮ አሰለፈች፣ ማሽኑን ከገዛችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው።»

«ታዲያ ሳይገዛ ሴቲንጉ ከየት መጣ? የኮምፒውተሩን ቀን የሞላው ማነው?»

«እኔ ነኛ! የፈረንጁ አቆጣጠር ጾምና በዓል እያምታታብኝ፣ ማሽኑን በገዛን ሰሞን በእኛ አደረግኩት።»

ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን። የቅርቡ ነው ብዬ የጫንኩት ገና ማሽኑ ሲገዛ፣ ቀኑ ወደ እኛ አቆጣጠር ሳይቀየር፣ የተቀመጠው ነው። የባልየው ልፋት አሮጌ ብዬ በናቅኳቸው ውስጥ ነበር። ከእነሱ የመጨረሻውን ጫንኩ። መርፌው ወረደ፣ መስቀሉም ሞላ ብሎ ወጣ። ወይዘሮ አሰለፈች እልል ሲሉ ጎረቤታቸው በስዋሂሊ «ኩና ኒኒ?»፣ ምን ተፈጠረ እያለች በሩን ከፈተች።

ካባው ቅዳሜ አለቀ። ሙሽራው እሑድ ለብሶት ቆመ፤ ግማሹ መቼ እንደተጠለፈ የለየ ሰው አልነበረም።

ለወጣት ባለሙያዎች የምለው ይህን ነው፦ ዲስኩን ከመክፈታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ኮምፒውተር የሚያውቀው ሰው የነገረውን ቀን ብቻ ነው።