በፍሪጅ ፋንታ የመጣው ጊታር

መተማ ላይ ከእኔ በፊት አሮጌ ጊታር ለትርፍ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው የለም። አለ የሚል ካለ ቤቴ ይምጣና ይከራከረኝ። ውሃ ግን አላቀርብለትም፤ ውሃችን ትኩስ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብማ ፍሪጅ ነበር። ባለቤቴ ደባርቅ ብርድ ላይ ያደገች ናት፤ የቆላውን ሙቀት እስከ ዛሬ አልለመደችውም። የምንጠጣው ከዚር ነው፣ ከሱዳን ከሚመጣው ትልቅ የሸክላ ጋን። ሚያዝያ ሲገባ ከዚያ የተቀዳ ውሃ ሻይ ለመሆን ቅጠል ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ የፍሪጁን ገንዘብ አጠራቅማ ሰጠችኝ።

ፍሪጅ ልጠይቅ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ፣ ከፕላስቲክ ጫማና ከሽቶ መሀል፣ አንድ ጊታር ተሰቅሏል። ሆዱ ተፋፍቋል፣ ቀለሙ ለቋል፣ አንገቱ በእጅ ብዛት ወዝቷል። ባለሱቁ ከማዶ ዕቃ እያመጡ የሚነግዱ ሐጂ ናቸው።

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል፤ ይቀንሱልኝ።»

«ካርቱም ስንት ሰርግ ያጫወተ ነው ልጄ። ይሄ እንዳንተ አይደለም፤ ሲያረጅ ዋጋው ይጨምራል።»

ስልኬን አውጥቼ አየሁ፤ እውነታቸውን ነው። ፈረንጅ አሮጌ ጊታር ገዝቶ ያስቀምጥና ዋጋ ሲወጣ ይሸጣል። ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ዘግቶ ዋጋ መጠበቅ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው፣ ማን ያስተምረናል? እዚያው ሱቁ ውስጥ ኢንቨስተር ሆንኩ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጊታሩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ፍሪጁ ይሄ ነው?»

«የፍሪጁ አባት ነው። ሲሸጥ ትልቁን ይወልድልሻል።»

«በየት በኩል? በዚህ በቀዳዳው?» አለችና ረጋ ብላ ጨመረች፤ «ስማ አንተ ሰውዬ፣ ሚያዝያ ሳይገባ ፍሪጅ ካልመጣ ክረምት እስኪሆን እናቴ ዘንድ ነኝ።»

ቀልዷን እንዳልሆነ አውቄ የጊታሩን ፎቶ የሚሸጥ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅሁት። ብዙም አልቆየ፣ አንድ የጎንደር ባለሀብት ደወለ። እዚሁ ቅርባችን ኮኪት ላይ ሰሊጥ ያሳርሳል፤ አሮጌ ጊታርም ይሰበስባል። ትራክተሮቹን ሊያይ ሲወርድ መጥቶ ሊወስደው ተስማማን። ባለቤቴ ፍሪጁ የሚቆምበትን ጥግ ጠረገች።

እንግዲህ በእኛ አገር አሮጌ ትራክተር ሳይቀባ ለገበያ አይወጣም። ሽማግሌም በዕድሜው ቢከበርም ሰርግ ሲጠራ ጋቢውን አሳጥቦ ነው የሚሄደው። ይህን አስቤ ጊታሩን ይዤ ሸሕዲ፣ ትራክተር የሚቀባበት ጋራዥ ሄድኩ። ቀለም ቀቢው በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፣ ጭረቱን በስቱኮ ደፈነው፣ ቀይ ቀለም ነፋበት። አንገቱ ላይ ቢጫ መስመር በምርቃት ጨመረልኝ።

«ጋሼ፣ አሁን መብራት ብቻ ነው የቀረው» አለ ራቅ ብሎ እያየው።

ባለሀብቱ በቀጠሮው መጣ። እኔ እንደ ሙሽራ ሸፍኜ ያስቀመጥኩትን ገለጥኩለት። አገላበጠው። የሸፈንኩበትንም ጨርቅ አንስቶ ሥሩን አየ።

«ጊታሩ የታለ?»

«እጅዎ ላይ።»

«ፎቶው ላይ ያለው ጭረትስ?»

«አጠፋሁልዎ። አይታይም እኮ፤ ቢያሹትም አያገኙት።»

«እኔ የመጣሁት ለእሱ ነበር» አለ። ክሩን ሲመታው ድምፁ ከሰሊጥ ጆንያ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ጊታሩን እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርጎ አስተኛው። «አልገዛውም። ግን ፎቶ ላንሳው፤ ባወራው የሚያምነኝ የለም።»

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ለፍሪጁ የጠረገችው ጥግ ላይ ሻንጣዋን አወጣች። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዋን ይዤ ሚኒባስ ተራ ሸኘኋት።

«ከዚሩ አጠገብ ቁጭ በልና ለውሃው ዝፈንለት» አለችኝ ስትሳፈር። «ይቀዘቅዝ እንደሆነ።»

እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን የምፈጽም ሰው ነኝ። ያለ አስተማሪ፣ ከስልክ ብቻ አይቼ፣ አንድ ዜማ አወጣሁ። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሙቀት፣ በትራክተር ቀለም በተቀባ ጊታር ይህን ያደረገ ካለ እሱም ይምጣ። ጎረቤቶቼ በራቸውን ይዘጋሉ፤ ከአቧራው ነው መሰለኝ።

ትናንት ደወለች። «ዚሩስ?» አለችኝ። ስልኩን ጊታሩ አጠገብ አስቀምጬ ተጫወትኩላት። እስክጨርስ አልዘጋችውም።

«ዝናቡ ሲጀምር እመጣለሁ» አለች። «እስከዚያ ሁለተኛ ዜማ ልመድ።»

እየለመድኩ ነው። ውሃውም፣ ይመኑኝ፣ ትንሽ በረድ ብሏል።